ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ፦ ለጀማሪ ፎቶ አንሺ የብርሃን፣ የዕቃና የኤዲቲንግ መመሪያ

በስልካችሁ ውስጥ ያሉትን የበዓል ፎቶዎች መለስ ብላችሁ ብታዩ ሁለት ዓይነት ብልሽት ሲደጋገም ታገኛላችሁ። በአንዱ ነጠላው አምሮ ወጥቶ ፊቱ ጠቁሯል፤ ዓይኑና ቅንድቡ አይለይም። በሌላው ፊቱ በደንብ ይታያል፤ ነጠላው ግን ሽመናውም ጥለቱም ጠፍቶ ባዶ ነጭ ሆኗል። ብዙ ሰው በካሜራው ያሳብባል፤ «ደህና ስልክ ቢኖረኝ» ይላል። ጣጣው ያለው ግን ከካሜራው ፊት ለፊት ነው። ነጭ ጥጥ ከጠይም ፊት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ይመልሳል። ጠራራ ፀሐይ ላይ ሲሆን ደግሞ ነጠላው በቀጥታ ይመታል፣ ዓይንና አገጭ ስር ጥላ ይወድቃል፣ ልዩነቱም ይብስበታል። ይህን ልዩነት የሚያጠብበው በዋናነት የብርሃን አያያዝ ነው። የካሜራ ማስተካከያ ቀጥሎ ይመጣል፤ ኤዲቲንግ የቀረውን ያቃናል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ አንድ ሥራ ይዞ ይጓዛል፤ የአገር ልብስ የለበሰ ሰው ፊቱም ልብሱም በወጉ የሚታይበት ፎቶ ማንሳት። ከባዱ ይህ ስለሆነ፣ እሱን የለመደ እጅ ሌላውን ለማንሳት ብዙ አይቸገርም።

1. ካሜራውን ሳታወጡ ብርሃኑን እዩ

የትም ቦታ ስትደርሱ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ምንጩ ሰፊ ነው ጠባብ? ቀለሙስ ምን ዓይነት ነው?

አቅጣጫውን ለማወቅ እጃችሁን ጨብጡና በፊታችሁ ትይዩ ዘርጉት። ከዚያ ቀስ እያላችሁ በቆማችሁበት ዙሩ። ጡጫችሁ ላይ ያለው ጥላ ሲለዋወጥ ታያላችሁ፤ አንዴ ከላይ ይወድቃል፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴም ይጠፋል። የጣቶቻችሁ ቅርጽ ጥርት ብሎ፣ ጥላው ግን ሳይበረታ የታየበት አቅጣጫ ሰው የምታቆሙበት አቅጣጫ ነው። ብርሃን ከጎን ገደድ ብሎ ሲመጣ አፍንጫና ጉንጭ ቅርጻቸውን ያወጣሉ፤ ከካሜራው በኩል ቀጥ ብሎ ሲመጣ ፊት ጠፍጣፋ ይመስላል።

ስፋቱን በተመለከተ ሕጉ ቀላል ነው። ምንጩ ከተነሺው አንጻር በሰፋ ቁጥር የጥላው ጠርዝ ይለሰልሳል። ፀሐይ ግዙፍ ብትሆንም ከሩቅ ስለምትታይ ጠባብ ምንጭ ናት፤ ጥላዋ በቢላ የተቆረጠ ያህል ነው። ደመና ሲሸፍናት ሰማዩ በሙሉ የብርሃን ምንጭ ይሆናል። ስስ መጋረጃ ያለው መስኮትም እንዲሁ። ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ይህ ነጥብ በተለይ ይጠቅማል። ጠቆር ያለ ፊት ቅርጹ ጎልቶ የሚወጣው ቆዳው ላይ በሚያንጸባርቀው ብርሃን ነው። ምንጩ ሰፊ ሲሆን ነጸብራቁ ግንባርና ጉንጭ ላይ ለስለስ ብሎ ይዘረጋል። ምንጩ ጠባብ ሲሆን አፍንጫ ጫፍና ግንባር ላይ የዘይት ጠብታ የሚመስል ነጥብ ይቀራል። ቅባት ወይም ላብ ካለ ከማንሳታችሁ በፊት በሶፍት ጠቅ ጠቅ አድርጉት እንጂ አትፈግፍጉት።

ቀለሙ የሚለካው በኬልቪን ነው። የሻማ ብርሃን 1,900 አካባቢ፣ ቢጫ አምፖል ከ2,700 እስከ 3,200፣ የቀትር ፀሐይ 5,500 ገደማ፣ ከጠራ ሰማይ ስር ያለ ጥላ ደግሞ 7,000 እና ከዚያ በላይ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ብርቱካናማ፣ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ያደላል። አንድ ዓይነት ብርሃን ብቻ ካለ ካሜራው ያርመዋል። መከራው በመስኮት ሰማያዊ፣ ከጣሪያ ቢጫ ሲመጣ ነው፤ ግማሽ ፊት አንድ ቀለም፣ ግማሹ ሌላ ይሆናል። መፍትሔው አምፖሉን ማጥፋት ነው።

2. ሰዓቱን ምረጡ

ፀሐይ በሰማይ ላይ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ትጓዛለች፤ እኛ አገር ደግሞ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማንርቅ ሽቅብ የምትወጣው ቀጥ ብላ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ የወጣች ፀሐይ 3 ሰዓት ተኩል ሲሆን የሰማዩን እኩሌታ ከፍታ ልትይዝ ትቃረባለች። ስለዚህ ለስላሳና ወርቃማ የሚባለው ብርሃን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይቆያል፤ ጠዋት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ። እስከ 3 ሰዓት ድረስና ከ10 ሰዓት በኋላ ያለውም ይሠራል። በመካከል ላለው ሰዓት ጥላ ፈልጉለት።

አዲስ አበባ በሰሜን 9ኛው ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናቷ ላይ ታልፋለች፤ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ገደማ። ፋሲካ የሚውለው ከመጀመሪያው፣ እንቁጣጣሽ ከሁለተኛው ብዙም ሳይርቅ ነው። ማለትም ሰው ሁሉ ነጭ በሚለብስባቸው በእነዚህ ሁለት በዓላት የቀትር ፀሐይ ከአናት ወርዳ ዓይን ስር ጉድጓድ ትቆፍራለች። ገናና ጥምቀት ላይ ግን እኩለ ቀን እንኳ ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች፤ ጥላው ረዘም ይላል፣ ፊትም የተሻለ ብርሃን ያገኛል። የቤተሰብ ፎቶ ቀጠሮ ስትይዙ ይህን አስቡበት። የፋሲካ ፎቶ ከምሳ በኋላ ወዲያው ሳይሆን ቡና ሲፈላ፣ ወደ 10 ሰዓት ተኩል ይሁን።

3. ቦታውን አዘጋጁ

ለጀማሪ ሁለት ቦታ ይበቃል።

የመጀመሪያው ከሰማይ ብርሃን የሚደርሰው ጥላ ነው፤ በረንዳ፣ የበር አፍ፣ የግንብ ጥላ። ተነሺው ከጣሪያው ጠርዝ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይቁም፤ ፊቱን ወደ ውጭ ወደ ሰማዩ ያዙር። ፊት ለፊቱ ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ግድግዳ ካለ ዕድለኞች ናችሁ፤ ግድግዳው ብርሃኑን መልሶ ይረጭለታል። ከዛፍ ስር ግን ተጠንቀቁ። በቅጠል መካከል የሚሾልከው ብርሃን ነጠላው ላይ ነጫጭ ጠቃጠቆ ያኖራል፤ ሣሩና ቅጠሉም ፊት ላይ አረንጓዴ ይቀባል።

ሁለተኛው መስኮት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ቀጥታ ፀሐይ ስለማይገባበት ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ብርሃን ይሰጣል። በሌላ አቅጣጫ ያለውን መስኮት በስስ መጋረጃ ሸፍኑት። ከዚያ በቅደም ተከተል፦

ሀ. የክፍሉን መብራት አጥፉ።
ለ. ተነሺውን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሰያፍ ወደ መስኮቱ ዞሮ እንዲቀመጥ አድርጉ።
ሐ. እናንተ ከመስኮቱ ጎን፣ ጀርባችሁን ለግድግዳው ሰጥታችሁ ቁሙ።
መ. በጨለመው ጉንጭ በኩል ነጭ አንሶላ፣ ፎም ወይም ሰፊ ካርቶን ወረቀት አቁሙ። አንድ ክንድ ያህል ሲጠጋ የጥላው ጉንጭ ሲበራ በዓይናችሁ ታያላችሁ።
ሠ. ነጠላው ከፊቱ ይልቅ ለመስኮቱ የቀረበ ከሆነ ተነሺውን ወደ ፊት ጎንበስ እንዲል ጠይቁ፣ ወይም የመስኮቱን የታችኛውን ክፍል በጠቆር ያለ ጨርቅ ጋርዱ። ያን ጊዜ ፊቱ ብርሃኑን ያገኛል፣ ልብሱ ትንሽ ይቀንስለታል። የመግቢያው ብልሽት ግማሹ የሚፈታው እዚህች ላይ ነው።

ብርሃን በርቀት ቶሎ ይደክማል። ከትንሽ መብራት አንድ ሜትር ላይ የነበረ ሰው ወደ ሁለት ሜትር ቢሄድ የሚደርሰው ብርሃን ሩቡ ብቻ ነው። የመስኮት ብርሃንም እንደ መስኮቱ ስፋት ዘግየት ይበል እንጂ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ፎቶ ከጨለመባችሁ ካሜራውን ከመነካካት በፊት ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳቡት።

ተነሺውን ማነጋገርም የዝግጅቱ አካል ነው። ለትልቅ ሰው «እማማ፣ ትንሽ ወደ መስኮቱ ጠጋ ይበሉልኝ፤ አሁን እጄን ይዩ» ማለት «ይሳቁ» ከማለት የተሻለ ፊት ያመጣል። ሰው ሳታስፈቅዱ አታንሱ፤ ለሕፃን ወላጁን፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አስተናጋጆቹን ጠይቁ።

4. ካሜራው ፊቱን እንዲለካ አድርጉ

የካሜራ መለኪያ ፊትንና ልብስን ለይቶ አይፈርድም፤ በመሠረቱ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ነጠላ ፍሬሙን ሲሞላው «በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ ፊት አብሮ ይጨልማል። ከኋላ ጨለማ ግድግዳ ሲኖር «አነሰ» ብሎ ያበራል፤ ነጠላው ይቃጠላል። የፊልሙ ዘመን ከዚህም የባሰ ነበር። የኮዳክ ማተሚያ ቤቶች ለረጅም ዓመታት ቀለም የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል የነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ስለነበር ጥቁር ፊት በወጉ አይወጣም ነበር። መለኪያውን ለፊታችን ማስማማት የእኛ ሥራ ነው።

በስልክ ከሆነ ፊቱ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ያዙት፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች አውርዱ፤ የነጠላው ሽመና ሲታይ አቁሙ። «ቢውቲ» የሚባለውን ማጣሪያ አጥፉ፤ ቆዳን ያነጣል፣ ያለሰልሳል። በጣም ቀርባችሁ በሰፊው ሌንስ አታንሱ፤ አፍንጫ ያተልቃል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ 2 እጥፍ ወይም 3 እጥፍ የሚለውን ተጠቀሙ። ጀርባውን የሚያደበዝዘው ፖርትሬት ሞድ የነጠላን ዘርፍና የፀጉርን ጠርዝ አብሮ ይበላል፤ ስታነሱ አጉልታችሁ አረጋግጡ።

በካሜራ ከሆነ ሦስት ነገሮች አሉ። አፐርቸር የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ኤፍ 1.8 ብዙ ብርሃን ያስገባል፣ ፎከስ የሚሆነው ግን ስስ ንጣፍ ብቻ ነው። ለአንድ ሰው ኤፍ 2.8፣ ለሁለትና ሦስት ሰው ኤፍ 4 ወይም 5.6፣ ለትልቅ ቤተሰብ ኤፍ 8 ጥሩ መነሻ ነው። ሹተር የፍጥነት ጉዳይ ነው፤ ለተቀመጠ ሰው 1/125 ሰከንድ፣ ለሕፃናትና ለእስክስታ 1/500። አይኤስኦ ምልክቱን ያጎላል፤ ከበዛ ሻካራ ነጠብጣብ ያመጣል። ፀሐይ ላይ 100፣ ጥላ ውስጥ 400፣ ቤት ውስጥ 1,600 አድርጋችሁ ጀምሩ። ፎቶ ከተንቀጠቀጠ አይድንም፣ ነጠብጣብ ግን ይቻላል፤ ስለዚህ ከሹተር ይልቅ አይኤስኦን አሳልፋችሁ ስጡ።

የፎቶውን ዓይነት ራው ላይ አድርጉት። ጄፔግ ነጩን አንዴ ከቆረጠ አይመልሰውም፤ ራው ግን ለማስተካከያ ሰፊ ቦታ ይተዋል። ካነሳችሁ በኋላ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የፎቶውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ እዩ፤ በቀኝ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ ከቆመ ነጠላው ተቃጥሏል ማለት ነው። ብርሃኑን በአንድ ሦስተኛ ስቶፕ ቀንሱና ድገሙት።

5. ዕቃ ስትገዙ ቅደም ተከተል ይኑራችሁ

ማሊያዊው ሰይዱ ኬይታ ባማኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1948 ስቱዲዮ ከፍቶ ዓለም ዛሬም የሚያደንቃቸውን የሰው ፎቶዎች ሲያነሳ፣ በአመዛኙ ይሠራ የነበረው በግቢው ውስጥ በተፈጥሮ ብርሃን ነው፤ ጀርባው ላይ የሚሰቅለውም ጥለት ያለው ጨርቅ፣ መጀመሪያ ላይ የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። ዕቃ መግዛት የሚጀመረው ከርካሹ ነው።

መጀመሪያ፦ ነጭና ጥቁር ጨርቅ። ነጩ ይሞላል፣ ጥቁሩ ይቀንሳል። የስቱዲዮ ዕቃ ሱቆች የሚሸጡት፣ ተጣጥፎ የሚያዝ ባለ አምስት ገጽ ሪፍሌክተር ሁለቱንም በአንድ ይይዛል። በወርቃማው ገጽ ግን ጠይም ፊት ቶሎ ብርቱካናማ ስለሚሆን ነጩን ተጠቀሙ።

ቀጥሎ፦ ትራይፖድ፣ ትርፍ ባትሪና ሁለተኛ ሚሞሪ ካርድ። መብራት በሚጠፋበት አገር ትርፍ ባትሪ ቅንጦት አይደለም።

ከዚያ፦ ካሜራና ሌንስ። ያገለገለ ካሜራ ላይ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ መጨመር ከአዲስ ካሜራ ይልቅ ፎቶን ይለውጣል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣ?» ካለም ይህን ሌንስ ጥቀሱ፤ የካሜራችሁን ሞዴል ግን አብራችሁ ላኩ። የካኖን ኢኤፍ 50 በካኖን ዲኤስኤልአር ላይ ይሠራል። የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ግን የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው «ኤኤፍ-ኤስ» ተብሎ የተጻፈበት ሌንስ ያስፈልጋቸዋል።

ያገለገለ ዕቃ ስትመርጡ ሻጩ ፊት ሦስት ምርመራ አድርጉ። ሌንሱን በስልክ መብራት አሳልፋችሁ እዩ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። በኤፍ 16 ሰማዩን አንሱ፤ ቦታቸውን የማይለቁ ጥቋቁር ነጥቦች ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ እንዳለ ይናገራሉ። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ጠይቁ።

6. ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ

የስልክን ፍላሽ አጥፉ። ካሜራ ላይ የሚሰካ ፍላሽ ካላችሁ አንገቱን ወደ ነጭ ኮርኒስ ወይም ወደ ጎን ግድግዳ አዙሩት፤ ግድግዳው ራሱ ሰፊ የብርሃን ምንጭ ይሆናል። ግድግዳው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከተቀባ ግን ፊቱም ያንኑ ይለብሳል፤ ያን ጊዜ ነጭ ጨርቅ ወይም ጃንጥላ ይሻላል። የኤልኢዲ መብራት ስትገዙ የቀለም ታማኝነቱን የሚነግረው ሲአርአይ 95 እና ከዚያ በላይ ይሁን። የእኛ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዑደት ስለሆነ አንዳንድ አምፖሎች ፎቶ ላይ ጥቁር መስመር ያወጣሉ፤ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ስታደርጉ ይጠፋል።

7. ኤዲቲንግ፦ በዚህ ቅደም ተከተል

በስልክ ስናፕሲድ ወይም የላይትሩም ነፃው ክፍል ለጀማሪ ይበቃል።

ሀ. መጀመሪያ ምረጡ። ከተመሳሳይ አሥር ፎቶ አንዷን አስቀሩ፤ ዓይን ላይ ፎከስ የሌለውን ወዲያው አውጡ።
ለ. አቅኑና ቁረጡ። የበሩ መቃን ቀጥ ይበል፤ እጅ በአንጓ ላይ አይቆረጥ።
ሐ. ዋይት ባላንስ። የቀለም መምረጫዋን ጠብታ ጥላ ውስጥ ባለው የነጠላ ክፍል ላይ አሳርፉ። የእጅ ፈትል በተፈጥሮው ወደ ክሬም ስለሚያደላ ውጤቱ ቀዝቀዝ ካለ ትንሽ ወደ ሙቁ መልሱት። በዘመኑ ሳሙና የታጠበ ልብስ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ሊስብ ይችላል፤ ዳኛው ፊት ነው።
መ. ኤክስፖዠርን ፊቱን እያያችሁ አስተካክሉ። ለጊዜው ልብሱን እርሱት።
ሠ. ሃይላይትን ሽመናው እስኪወጣ ቀንሱ። ፈጽሞ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም፤ ግራጫ ከማድረግ ይልቅ ተዉት።
ረ. ሻዶውን በጥቂቱ አንሱ። ከበዛ ጥቁር ፀጉር አመድ ይመስላል።
ሰ. የብርቱካናማ ቀለምን ብርሃን (ሉሚናንስ) አትጨምሩ። ቆዳን የሚያነጣው ይህ ነው፤ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ራሳቸውን የማያውቁበት ፎቶ ጥሩ ፎቶ አይደለም።
ሸ. መተግበሪያችሁ ማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ ለይቶ ማስተካከያ) ካለው፣ ጥራት የሚጨምረውን ክላሪቲ ለጥለቱና ለሽመናው ብቻ ስጡ፤ ፊት ላይ ሲያርፍ ቆዳን ያሻክራል።
ቀ. ስልኩን አስቀምጡና ቆይታችሁ እንደገና እዩት። ብርሃኑን ግማሽ ላይ አድርጋችሁ፣ ከተቻለም በሌላ ሰው ስልክ።

8. ማስቀመጥ፣ መላክ፣ ማሳተም

ካርዱን ከመሰረዛችሁ በፊት ፎቶዎቹ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች መኖራቸውን አረጋግጡ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ «ፋይል» በሚለው ላኩት። ለማሳተም በኢንች 300 ነጥብ ይታሰባል፤ ለ10 በ15 ሴንቲሜትር 1,200 በ1,800 ፒክስል፣ ለ20 በ30 ደግሞ 2,400 በ3,600 ይበቃል። የቀለም ዓይነቱ ኤስአርጂቢ ይሁን። ብዙ ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ትንሽ ሙከራ አሳትሙ፤ ስክሪን ከወረቀት ይልቅ ያበራል።

9. የአራት ሳምንት ልምምድ

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው በአንድ መስኮት አጠገብ ብቻ አንሱ፤ ወንበሩንና ነጩን ጨርቅ እያንቀሳቀሳችሁ። በሁለተኛው ያንኑ ሰው በአንድ በረንዳ ላይ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አንሱና ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በሦስተኛው ነጭ ልብስ አልብሱትና ፊትም ሽመናም እስኪወጣ ሂስቶግራሙን ተከታተሉ። በአራተኛው ምርጥ አሥራችሁን በተራ ቁጥር 7 ቅደም ተከተል ኤዲት አድርጋችሁ አሳትሙ።

የታተሙትን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ የሚደጋገመውን እንከን ፈልጉ። ቤት ውስጥ ያነሳችኋቸው ከተንቀጠቀጡ ቀጣዩ ግዢ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ነው። ዓይን ስር ጥላ ከበዛ ሪፍሌክተር፤ የማታዎቹ ብቻ ከተበላሹ ፍላሽ። ቀለሙ ከተዘበራረቀ ምንም አትግዙ፤ አምፖሉን አጥፉ። እንከኑ ከፎቶ ፎቶ የሚለያይ ከሆነ ደግሞ ገንዘባችሁን አስቀምጡና ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩ።